ዊንዶውስ ወይስ ሊኑክስ? አምበር ላይ የሚሠራውን እንምረጥ



ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ የዲፓርትመንት ምርጫ ባለፈ ቁጥር በጀመዓችን ውስጥ ኮምፒውተር ነክ ትምህርት ወደምንማረው ልጆች የሚመጣ የማይቀር ጥያቄ አለ። «ኮድ ለመጻፍ ላፕቶፔ ላይ ምን ላስጭን?» የሚል ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ የኳስ ደጋፊዎችን ክርክር ይመስላል። አንዱ «ከዊንዶውስ ወዲያ ላሳር» ይላል። ሌላው «ሊኑክስ የማያውቅ ፕሮግራመር አይባልም» ብሎ ያስፈራራል። ሦስተኛው ማክቡክ ካልተገዛ ሥራ የለም ይላል። ጠያቂው እንደተወዛገበ ይሄድና የዶርም ጓደኛው የጫነውን አስጭኖ ይገላገላል።

እኛ ግን ጉዳዩ እንዲህ በዋዛ መታለፍ የለበትም እንላለን። ከመካከላችን የብዙዎቹ ላፕቶፕ የተገዛው ቤተሰብ እህል ወይም ከብት ሸጦ፣ አለዚያም ዐረብ አገር ያለች እህት ከደመወዟ ቆጥባ ልካ ነው። ይህ ዕቃ እስክንመረቅ፣ ከዚያም ሥራ እስክናገኝ ሊያገለግለን ይገባል። በላዩ የምንጭነው ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ማለትም ራሙንና ዲስኩን ለፕሮግራሞች እያከፋፈለ ማሽኑን የሚያስተዳድረው ዋና ሶፍትዌር፣ የላፕቶፑን ዕድሜ ሊያረዝመውም ሊያሳጥረውም ይችላል።

አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር። 4 ወይም 8 ጊጋ ራም ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ይዞ ኮድ መጻፍ ለሚማር ተማሪ ዋናው የሥራ ቦታው ሊኑክስ ቢሆን ይሻለዋል። ከላፕቶፑ ጋር በሕጋዊ ፈቃድ የመጣ ዊንዶውስ ካለው አያጥፋው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ያኑራቸው። በክራክ የተከፈተ ዊንዶውስ ላይ ግን የዓመታት ልፋቱን አያስቀምጥ። ምክንያታችንን እነሆ።

መመዘኛችን አምበር ናት

አምበር በአነደድ ወረዳ፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች ከተማ ናት። እረፍት ሲሆን ከእኛ አንዳንዱ ወደ አምበር፣ ሌላው ወደ ሉማሜ፣ ወደ የጁቤ ወይም ወደ ደብረ ኤልያስ፣ ገሚሱም ከአስፋልቱ ወርዶ ራቅ ወዳለ ቀበሌ ይገባል። ግቢ ውስጥ ሳለን ዋይፋይ አለ፣ ላብ አለ፣ ሲበላሽ የሚያይልን ሲኒየር አለ። አምበር ላይ ግን ተማሪው ከላፕቶፑ ጋር ብቻውን ነው። መብራት ይሄዳል፤ ዳታ በካርድ ይገዛል፤ ማሽኑ አልነሳ ቢል የሚያስነሳው ባለሙያ ፍለጋ ትራንስፖርት ከፍሎ ደብረ ማርቆስ መምጣት አለበት።

ደግሞም ይህ የሩቅ ስጋት አይደለም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በብዙ ከተሞች አንድ ዓመት ገደማ መቆየቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። ያን ጊዜ ሥራው ሁሉ በኢንተርኔት ላይ የተንጠለጠለ ተማሪ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ፤ የሚያስፈልገውን ቀድሞ ላፕቶፑ ላይ ያኖረ ግን ሠራ።

ስለዚህ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ስንመርጥ አዲስ አበባ ውስጥ ጄኔሬተርና ፈጣን ኢንተርኔት ያለው መሥሪያ ቤት የሚጠቀምበትን ሳይሆን አምበር ላይ የሚሠራውን እንጠይቅ። ጥያቄዎቹ አምስት ናቸው። አንደኛ፣ የያዝነው ማሽን ይሸከመዋል ወይ? ሁለተኛ፣ ኢንተርኔት ሳይኖር ያሠራል ወይ? ሦስተኛ፣ ሲበላሽ ራሳችን እናነሳዋለን ወይ? አራተኛ፣ በሐቅ የእኛ ነው ወይ? አምስተኛ፣ ነገ ከምንቀጠርበት ሥራ ጋር ያቀራርበናል ወይ?

ዊንዶውስ በሚዛኑ ላይ

ለዊንዶውስ ፍትሐዊ እንሁን። አብዛኞቻችን ኮምፒውተር የተዋወቅነው በእሱ ነው። የአገራችን መሥሪያ ቤቶች በብዛት የሚሠሩት በእሱ ነው። አውቶካድ የሚያስፈልጋት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ዊንዶውስን ልትተው አትችልም። በሲሻርፕ የዴስክቶፕ ፕሮግራም እንዲሠራ የታዘዘ ተማሪም ቪዥዋል ስቱዲዮን የሚያገኘው እዚያው ነው። ራሙ 16 ጊጋ የሆነ፣ ፈቃዱም ትክክለኛ የሆነ አዲስ ላፕቶፕ የያዘ ተማሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ማይክሮሶፍት ራሱ በዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስ የሚያስነሳበትን መንገድ ስላዘጋጀ ሁለቱንም በአንድ ላይ ማግኘት ይችላል። ለእንዲህ ያለው ተማሪ ይህ መንገድ ጥሩ ነው፤ አንከራከረውም።

ችግሩ ብዙዎቻችን ያለን ማሽን ያ አለመሆኑ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 በነፃ ይሰጥ የነበረውን የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ለግለሰቦች ያዘጋጀው ማራዘሚያም ምዝገባ የሚጠይቅና ጊዜያዊ ነው። ወደ ዊንዶውስ 11 እንለፍ ብንል ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል፤ ኢንቴል ከሆነም በጥቅሉ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። በእጃችን ካሉት ያገለገሉ ላፕቶፖች ይህን የማያሟሉት ጥቂት አይደሉም። ፍተሻውን አታልሎ መጫን እንደሚቻል እናውቃለን፤ ነገር ግን ኩባንያው እንዲህ ለተጫነ ማሽን ማሻሻያ ለመስጠት ቃል አይገባም።

ራሙም ሌላው ጣጣ ነው። ዊንዶውስ 11 ዝቅተኛው መስፈርት 4 ጊጋ ነው ይላል። ይህ ግን ለመነሳት ያህል ነው። ብሮውዘር፣ ቪኤስ ኮድና ዳታቤዝ አብረው ሲከፈቱ ማሽኑ ማቃሰት ይጀምራል። በዚህ ላይ ከበስተኋላ የሚወርደው ማሻሻያ አለ። አምበር ላይ ሆኖ የስልኩን ዳታ ለላፕቶፑ ያካፈለ ተማሪ፣ አንድ ገጽ ሳያነብ ጥቅሉ ሲያልቅ ያያል። ዊንዶውስ የምትጠቀሙ ሁሉ ቢያንስ በዋይፋይ ማስተካከያው ውስጥ ግንኙነታችሁ ውስን መሆኑን ንገሩት፤ አብዛኛውን ማውረድ ያቆማል።

ክራክ ይብቃን

አሁን ብዙዎቻችን ወደማንወደው ነጥብ እንምጣ። በሶፍትዌር ቤቶችም ሆነ በዶርም የሚጫነው ዊንዶውስ ብዙውን ጊዜ በክራክ የተከፈተ ነው። የሚያስጭነው ተማሪ ክፉ ስለሆነ አይደለም። ፈቃዱ በዶላር ይሸጣል፤ ተማሪ ደግሞ ዶላር የለውም። ማንንም ለመውቀስ አልተነሳንም። ነገር ግን ሁለት ነገር ማወቅ አለብን።

የመጀመሪያው የደኅንነት ጉዳይ ነው። የክራኩ መመሪያ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ» በሚል ነው። ማን እንደጻፈው ለማናውቀው ፕሮግራም በማሽናችን ላይ ሙሉ ሥልጣን ሰጥተን በሩን ከፈትንለት ማለት ነው። በዚያው ማሽን የባንክ መተግበሪያ እንከፍታለን፣ የኢሜይል የይለፍ ቃላችንን እንጽፋለን፣ የመመረቂያ ፕሮጀክታችንን እናስቀምጣለን። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዘልለው፣ ፎልደሮችን ሁሉ ሾርትካት የሚያደርገው ቫይረስ ግቢያችን ውስጥ ይህን ያህል የተመቸው አንቲቫይረሱ የጠፋ፣ ማሻሻያው የቆመ ማሽን ስለበዛለት ነው።

ሁለተኛው የሐቅ ጉዳይ ነው። ሙፍቲዎች አይደለንም፤ ዝርዝሩን ለዑለሞቻችን እንተዋለን። ሆኖም ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 ኩዌት ላይ ባካሄደው 5ኛ ጉባኤው፣ በውሳኔ ቁጥር 43፣ የድርሰትና የፈጠራ መብቶች በሸሪዓ የተጠበቁ መሆናቸውንና መጣስ እንደማይገባ መግለጹን ማወቅ ይገባናል። የአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁ ሥራዎች መካከል ይቆጥረዋል። እኛ ደግሞ ነገ ሶፍትዌር ሸጠን ለመኖር የምንማር ሰዎች ነን። የእኛን ሥራ ሰው ያለ ፈቃድ ቢወስደው የሚሰማንን ለሌላውም ማሰብ አለብን።

ሌላ አማራጭ ባይኖር ኖሮ ክርክሩ ከባድ ይሆን ነበር። ግን በነፃ የተፈቀደ፣ ለሥራችንም የሚበልጥ አማራጭ አጠገባችን አለ።

ማክ ለማን ነው?

ወደዚያ አማራጭ ከመሄዳችን በፊት ስለ ማክ ጥቂት እንበል። ማክ ውስጡ ዩኒክስ ስለሆነ ለፕሮግራመር ይመቻል፤ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ አፕል በራሱ ቺፕ የሚሠራቸው ላፕቶፖች ባትሪያቸው ረጅም ሰዓት ይቆያል። መብራት ለሚጠፋበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። የአይፎን መተግበሪያ መሥራት የሚፈልግም ያለ ማክ አይሆንለትም።

ዋጋው ግን የአብዛኛውን ቤተሰብ አቅም ያልፋል። ራሙ ከቦርዱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ በኋላ 4 ጊጋ ጨምሮ ማሻሻል የሚባል ነገር የለም። ሲበላሽም ጠጋኙም መለዋወጫውም ብርቅ ነው። በርካሽ የሚገኙት የድሮዎቹ የኢንቴል ማኮች ደግሞ ከአፕል ማሻሻያ እየወጡ ነው። ስጦታ የመጣለት ተማሪ ደስ ብሎት ይጠቀምበት። ቤተሰቡን አስጨንቆ የሚገዛ ግን ቆም ብሎ ያስብ፤ በዚያ ገንዘብ ጥሩ ያገለገለ ላፕቶፕ፣ ኤስኤስዲና ተጨማሪ ራም ተገዝቶ ለመጽሐፍም ይተርፋል።

ሊኑክስ ለምን?

ነሐሴ 1983 ዓ.ም.፣ ደርግ በወደቀ በሦስተኛው ወር፣ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረው የ21 ዓመቱ ሊነስ ቶርቫልድስ ለራሱ ኮምፒውተር የሚሆን የኦፕሬቲንግ ሲስተም እምብርት እየጻፈ መሆኑን ለሌሎች አሳወቀ። በቀጣዩ ዓመት ማንም እንዲጠቀምበት፣ እንዲያየው፣ እንዲያሻሽለውና እንዲያባዛው በሚፈቅድ ፈቃድ ለቀቀው። ያ ፈቃድ የተዘጋጀው ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 በጀመሩት የግኑ ፕሮጀክት ነው። ዛሬ ሊኑክስ የምንለው ከሁለቱ ሥራዎችና ከብዙ ሺህ ሰዎች አስተዋጽኦ የተገነባ ነው። ከሚታወቁት ዓይነቶቹ አንዱ የሆነውን ኡቡንቱን እ.ኤ.አ. በ2004 ያስጀመሩት ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ናቸው።

በአምስቱ ጥያቄዎቻችን እንመዝነው።

ማሽናችን ይሸከመዋል ወይ? ሊኑክስ ሚንት ለመነሳት የሚጠይቀው 2 ጊጋ ራም ነው፤ በምቾት ለመሥራት 4 ጊጋ ይመክራል። በተለይ ኤክስኤፍሲኢ የተባለው ቀለል ያለ ዓይነቱ ለድሮ ላፕቶፕ ተስማሚ ነው። ኡቡንቱ 24.04 ደግሞ ከ4 ጊጋ ይጀምራል፤ 8 ጊጋ ላለው ደህና ነው። ቲፒኤም አይጠይቅም፣ የፕሮሰሰሩንም ትውልድ አያጣራም። በየሁለት ዓመቱ የሚወጣው የኡቡንቱ የረጅም ጊዜ ዕትም ለአምስት ዓመት ነፃ ማሻሻያ አለው። ሁለተኛ ዓመት ላይ የጫነ ተማሪ ተመርቆ እስኪወጣ አይቸገርም ማለት ነው።

ያለ ኢንተርኔት ያሠራል ወይ? እዚህ ላይ ሊኑክስ ይበልጥ ያሳምነናል። አንዱ ተማሪ በግቢ ዋይፋይ ያወረደውን የሲፕላስፕላስ፣ የፓይተን፣ የፒኤችፒ ወይም የዳታቤዝ ጥቅል በፍላሽ ገልብጦ ተመሳሳይ ዕትም ለጫኑ ሃያ ሰዎች ማካፈል ይችላል። ይህ ስርቆት አይደለም፤ ባለቤቶቹ ራሳቸው አባዙት ብለው የፈቀዱት ነው። የትእዛዞቹ ማብራሪያም ከሲስተሙ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ተርሚናል ላይ ያለ ኢንተርኔት ይነበባል። በዚህ ላይ ዚል የተባለው ፕሮግራም የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎችን ሰነድ፣ ኪዊክስ ደግሞ ዊኪፒዲያንና የስታክ ኦቨርፍሎውን ጥያቄና መልስ ላፕቶፕ ላይ አውርዶ ለማንበብ ያስችላሉ። ሁለቱም ዊንዶውስ ላይም ይሠራሉ፤ ሊኑክስ ባትጭኑ እንኳ እነዚህን ሳትይዙ ወደ ቤት አትሂዱ።

ሲበላሽ እናነሳዋለን ወይ? ሊኑክስ አይበላሽም የሚል ሰው ካለ አትመኑት። ይበላሻል። ልዩነቱ አንዲት 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ መጫኛውን የያዘ ተማሪ አምበርም ሆኖ ከዚያችው ፍላሽ ማሽኑን ማስነሳት፣ ፋይሎቹን ማውጣት፣ ካስፈለገም እንደገና መጫን መቻሉ ነው። መጫኛው ቁልፍ አይጠይቅም፣ አክቲቬት አድርገኝ አይልም።

በሐቅ የእኛ ነው ወይ? አዎ። ፈቃዱን ለሚያከብር ሁሉ የተፈቀደ ነው። ይህ ማለት ግን የሊኑክስ ሶፍትዌር ግዴታ የለበትም ማለት አይደለም። የሌላውን ኮድ ወስደን ስናሻሽልና ስናሰራጭ የጸሐፊውን ስም ማጥፋት ወይም የፈቃዱን ቃል መሻር አማና ማጉደል ነው።

ከሥራ ጋር ያቀራርበናል ወይ? በኢንተርኔት የምንከፍታቸው ድረ ገጾች አብዛኞቹ የሚነሱት ሊኑክስ ከተጫነባቸው ሰርቨሮች ነው። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2017 ጀምሮ በዓለም የ500 ፈጣን ኮምፒውተሮች መዝገብ ውስጥ ያሉት በሙሉ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። በኪሳችን ያለው አንድሮይድ ስልክም እምብርቱ ሊኑክስ ነው። ቀጣሪዎች የሚጠይቁት ጊት እንኳ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የጻፈው መሣሪያ ነው። አንድ ትንሽ ምሳሌ እንጨምር። ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ ትልቁንና ትንሹን የእንግሊዝኛ ፊደል አይለይም፤ ሊኑክስ ይለያል። ዊንዶውስ ላይ ተሠርቶ የሚያምር ድረ ገጽ ሰርቨር ላይ ሲወጣ ፎቶዎቹ ሁሉ የሚጠፉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሊኑክስ ላይ የሠራ ተማሪ ይህን የሚያውቀው ዲፌንስ ቀን መምህራን ፊት ቆሞ ሳይሆን ገና ኮዱን ሲጽፍ ነው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረውን የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የምትከታተሉም ብዙ ናችሁ። የዌብ ፕሮግራሚንግና የዳታ ሳይንስ ትምህርቱን ሊኑክስ ላይ ያለ ችግር መለማመድ ይቻላል። አንድሮይድ ስቱዲዮም ሊኑክስ ላይ ይሠራል፤ ግን በየትኛውም ሲስተም ከባድ ስለሆነ 4 ጊጋ ላይ አትሞክሩት፤ 8 ጊጋ ላይም በስክሪን የሚታየውን የውሸት ስልክ ትታችሁ እውነተኛ ስልካችሁን በገመድ አገናኙ።

«ግን እኮ...» ለሚሉ

«መምህራችን በሲሻርፕ ነው የሚያስተምሩን።» ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የዶትኔትን አዲሱን ዓይነት ለሊኑክስም አውጥቷል፤ ኤስኪውኤል ሰርቨርም ከ2017 ዕትሙ ጀምሮ ሊኑክስ ላይ ይሠራል። ቪኤስ ኮድም አለ። የማይሠራው ሙሉው ቪዥዋል ስቱዲዮና ለዊንዶውስ ብቻ የተሠራው የመስኮት ፕሮግራም ነው። ለእሱ ሕጋዊ ዊንዶውሳችሁን አስነሱ፣ ወይም ላብ ግቡ።

«የመመረቂያ ጽሑፍ በወርድ ነው የሚጠየቀው።» ሊብሬ ኦፊስ የወርድ ፋይል ይከፍታል፣ ያስቀምጣልም። ሆኖም ሠንጠረዥና የገጽ ቁጥር አንዳንዴ ይዛባሉ። ስለዚህ የመጨረሻውን ቅጂ ከማስረከባችሁ በፊት ላብ ውስጥ ባለ ወርድ ከፍታችሁ አስተካክሉ፤ ማተሚያ ቤት ስትሄዱም ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ውሰዱ።

«አማርኛና ዐረብኛስ?» የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ ሊኑክስ ያለ ምንም ክራክ ያሳየዋል። መጻፊያውም አለ። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ በ1990ዎቹ ያቀረቡት፣ አማርኛን በእንግሊዝኛ ቁልፎች እንደ ድምፁ የመጻፍ ሥርዓት፣ «ሴራ» በሚለው ስሙ በሊኑክስ የመጻፊያ ዘዴዎች ውስጥ ይገኛል። የዐረብኛ ቁልፍ ሰሌዳም ከማስተካከያው ውስጥ ይጨመራል፤ ከቀኝ ወደ ግራ መጻፉም ችግር የለበትም። የሚያስቸግረው በፓወር ግዕዝ የቆዩ ፎንቶች የተጻፈ የድሮ ሰነድ ነው። እነዚያ ፎንቶች ዩኒኮድ ስላልሆኑ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ፣ ዊንዶውስም ቢሆን፣ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናሉ። ከእንግዲህ የምንጽፈውን በዩኒኮድ እንጻፍ።

«ዋይፋዩ እንቢ ቢለኝስ?» ይህ እውነተኛ ስጋት ነው፤ አንዳንድ የዋይፋይ ካርዶች ሾፌራቸው ለብቻው ይጫናል። ለዚህ ነው ሳትጭኑ ሞክሩ የምንለው። ሊኑክስን ከፍላሽ ብቻ አስነስታችሁ፣ ዲስኩን ሳትነኩ፣ ዋይፋዩን፣ ድምፁንና ስክሪኑን መፈተሽ ይቻላል።

አንድ ማሳሰቢያ ከእኛም ለእኛ ይድረስ። ሊኑክስ መጫን ማንንም ፕሮግራመር አያደርግም። ሳምንት በሳምንት አንዱን ዓይነት እያጠፉ ሌላውን መጫን፣ የስክሪን ቀለምና ጌጥ ሲቀያይሩ ማምሸት ጊዜ መብላት ነው። አንዱን መርጣችሁ ጫኑና ወደ ኮዱ ተመለሱ።

ከእረፍት በፊት የሚሠራ ሥራ

ሐሳባችን ወሬ ሆኖ እንዳይቀር ጀመዓችን የሚከተለውን እንዲያደርግ እንጠይቃለን፤ እኛም ጉልበታችንን ለመስጠት ዝግጁ ነን።

የሴሚስተሩ ፈተና አልቆ ወደየቤታችን ከመበተናችን በፊት አንድ የመጫኛ ቀን ይኑረን። ከዙህር ሶላት በኋላ ቢጀመር እስከ መግሪብ ብዙ ይሠራል። ለእህቶች የራሳቸው ክፍል ይዘጋጅ፤ የሚያግዟቸውም ሲኒየር እህቶች ይሁኑ። የሌላ እምነት ተከታይ የሆነ የዶርም ጓደኛ ላፕቶፑን ይዞ ቢመጣ ደግሞ እንደ እንግዳ ተቀብለን እንጫንለት።

የሚመጣ ሁሉ አስቀድሞ ሦስት ነገር ያድርግ። አንደኛ፣ ያለውን ፋይል ሁሉ ሌላ ዲስክ ላይ ይገልብጥ፤ ያልገለበጠ ሰው ላፕቶፕ አንነካም፤ በዚህ አንደራደርም። ሁለተኛ፣ ዊንዶውሱን የሚያስቀር ከሆነ ዲስኩ በምስጢር ቁልፍ የተዘጋ መሆኑን ያጣራ፤ ከሆነም የመክፈቻ ቁልፉን ወረቀት ላይ ጽፎ ያምጣ። ቁልፉን ሳይዝ የሚነካካ ሰው ዊንዶውሱ ውስጥ ያለው ፋይል ሊዘጋበት ይችላል። ሦስተኛ፣ ቻርጀሩንና 8 ጊጋ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ባዶ ፍላሽ ይዞ ይምጣ፤ መጫኛውን ያዘለች ፍላሽ ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ከጀመዓው የምንፈልገው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሃርድ ዲስክ ነው። በእሱ ላይ የኡቡንቱና የሚንት መጫኛ፣ በኮርሶቻችን የሚያስፈልጉ ጥቅሎች፣ የዚልና የኪዊክስ ሰነዶች ይከማቻሉ። አንድ ጊዜ በግቢ ዋይፋይ ይወርዳል፤ ከዚያ ለሁላችንም ይዳረሳል። በየሴሚስተሩ የሚያድስ ሁለት ሰው ይመደብለት። ዕቃው የወቅፍ ያህል ነው፤ ተመርቀን ስንሄድም ለሚመጡት ይቆያል።

በጀት የለም እንዳይባል፣ ለኢፍጣር ፕሮግራም በየዓመቱ እንደምናዋጣው ለዚህም ትንሽ ትንሽ ብናዋጣ ይሞላል። ከእኛ መካከል ተመርቀው ሥራ የያዙ ወንድሞችና እህቶችም አሉ፤ ኢንሻአላህ ሲጠየቁ እንቢ አይሉም።

አምበር ላይ አንድ ተማሪ፣ መብራት ሄዶ፣ ዳታ ሳይኖረው፣ ባትሪው እስኪያልቅ ሁለት ሰዓት ቢቀረው በዚያች ሁለት ሰዓት ውስጥ ኮዱን ጽፎ፣ አስሂዶ፣ ስህተቱን አርሞ ቢያድር ምርጫችን ተሳክቷል። ላፕቶፖቻችሁን ይዛችሁ ኑ። ቀኑ እንደተቆረጠ ማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ታገኙታላችሁ።